የወንበሯ ድመት

መምህር ይኸነው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከምሳ በኋላ ሸለብ በሚያደርጉበት ወንበር እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። እግራቸው ሥር የከሰል ምድጃ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሩም በውጭ በኩል ተቀርቅሯል።

የቆሰበር ከተማ ብርድ ከሰል ያስወድዳል። ሰውየው ግን ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ «ከሰል ስታነዱ መስኮት ክፈቱ» እያሉ ተማሪ ያሰለቹ ነበሩ። የራሳቸው መስኮት እንዳይዘጋ ሁልጊዜ ሽብልቅ እንጨት ይሸጎጥበታል። ኢንስፔክተር ሽታዬ ያንን እንጨት ውጭ፣ ሣሩ ውስጥ ወድቆ አገኘችው።

አለቃዋ ኮማንደር ትዕዛዙ ነገሩን ያኔውኑ ጨርሶታል። ከሰሉን ያቀጣጠለችውም፣ አብራቸው የምትኖረውም፣ ሬሳውን ያገኘችውም የእህታቸው ልጅ ሜላት ናት። ታሰረች፤ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው።

ሽታዬ ሰኞ ጠዋት ስታነጋግራት ልጅቷ እንባዋ እንኳ እምቢ ብሏት ነበር። ሽብልቁን ሸጉጣ ወፍጮ ቤት መሄዷን፣ እዚያ ወረፋ ስትጠብቅ መዋሏን፣ ስትመለስ በሩ በውጭ ተቀርቅሮ ማግኘቷን ተናገረች።

«ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው» አለች። «ቀብራቸው ላይ እንኳ አልቆምኩም።»

ሽታዬ አመነቻት። ማመን ማስረጃ እንደማይሆን አታጣውም፤ ግን ገዳይ ብትሆን ስለ መቀርቀሪያው በገዛ አፏ ለምን ትናገራለች?

ቅዳሜ ራሷ ያሸገችውን ክፍል ከፍታ ገባች። መምህሩ ጠረጴዛቸውን ሰው እንዲያጸዳባቸው አይፈቅዱም ነበርና አቧራ ለብሷል። መሃሉ ላይ ግን ወፍራም ደብተር የሚያህል ንጹሕ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በእርሳስ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ተቀምጣለች።

ወረቀቷን ሳታይ ነገሩን ያስረዳቻት መድኃኒት ቤት ያላት ወይዘሮ ያለምወርቅ ናት። መምህሩ፣ ሜላት፣ ያለምወርቅና የኮሌጅ አስተማሪው እዮብ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት እየተሰበሰቡ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ያጠናሉ። መምህሩ ከመሞታቸው ከሳምንት በፊት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ አንድ ልቦለድ ጀመሩ። መጽሐፉ አንድ ብቻ በመሆኑ መምህሩ አራት ቦታ ገንጥለው በክር ሰፉትና አደሏቸው፤ የመጨረሻውን ክፍል ለራሳቸው አስቀሩ።

«ለእኔ ሁለተኛው ደረሰኝ» አለች ያለምወርቅ። «ባለታሪኩ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ታመመብኝ።»

ደንባቸው እንዲህ ነው። መዝገበ ቃላት ከመክፈት በፊት እያንዳንዱ የቃሉን ፍቺ ከታሪኩ ይገምታል፤ ግምቱን በእርሳስ፣ ቀንና ሰዓት ጨምሮ ይጽፋል። ቅዳሜ ተሰብስበው በእስክሪብቶ ያርማሉ። መሳሳት አያሳፍርም።

«እዮብን ብቻ ነው የሚያሳፍረው» አለች። «ያ ልጅ ‹አላውቅም› ሲል ሰምቼው አላውቅም።»

ጠረጴዛው ላይ ስለነበረው ደብተር ስትጠየቅ ድምፅዋ ወረደ። መምህሩ ሠላሳ ዓመት የለቀሟቸው ቃላት ከነፍቺያቸው የሰፈሩበት፣ ከነፍሳቸው እኩል የሚያዩት ደብተር ነበር።

ሽታዬ እዮብን ቢሮው አገኘችው። ረጋ ያለ፣ ልብሱ የተተኮሰ ወጣት ነው። ከዓርብ እስከ እሑድ ዳንግላ፣ እናቱ ዘንድ እንደነበረ ነገራት። መጽሐፉ ከታደለ ወዲህ መምህሩን በዓይኑም አላያቸው፣ በስልክም አላነጋገራቸው። ሽታዬ አመስግናው ወጣችና ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ጎራ አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም በመምህሩ ክፍል ተሰበሰቡ። ሜላት እጇ በካቴና ታስሮ በኮማንደሩ አጠገብ ቆማለች። ኮማንደሩ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«እንደ ደንባችሁ በቃል እንጀምር» አለች ሽታዬ። «አንቲማካሳር። ከመጨረሻው ክፍል ነው። ምን ማለት ነው?»

ሜላት ራሷን ነቀነቀች። ያለምወርቅ እንዲህ የሚባል መድኃኒት እንኳ ሸጣ እንደማታውቅ ተናገረች። እዮብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በወንበር ጀርባ ላይ የምትተኛ ድመት ናት» አለ። «በዚያ ዘመን የተለመደ አጠራር ነው።»

ሽታዬ ወረቀቷን አነሳች።

«ድመት አይደለችም። መዝገበ ቃላቱን አይቻለሁ፤ የፀጉር ቅባት ወንበሩን እንዳያቆሽሸው ጀርባው ላይ የሚጣል ጨርቅ ነው። ‹ድመት› የሚለው የመምህር ይኸነው የተሳሳተ ግምት ነው። የተጻፈውም ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እዚች ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ክፍሉን ያሸግሁት እኔ ነኝ፤ ወረቀቷን ለማንም አላሳየሁም። ታዲያ ዳንግላ የነበረ ሰው የት አነበባት?»

እዮብ የተተኮሰ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ወረቀቷ ደብተሩ ላይ ነበረች» ብላ ቀጠለች። «ደብተሩን የወሰደው ሰው መጀመሪያ እሷን ማንሳት ነበረበት። አነሳት፣ አነበባት፣ አቧራ በሌለበት ቦታ መልሶ አስቀመጣት። መምህሩ ተኝተዋል። ሽብልቁን ወደ ውጭ ወረወረ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ በሩን ቀረቀረ፤ የቀረውን ለከሰሉ ተወለት። ለምን? ለዕድገት ያስገቡትን የቃላት ጥናት አንብቤዋለሁ፣ አቶ እዮብ። ‹ሜላት የወተት ጥርሷን ነቀለች።› ‹ሜላት ከፈረስ ወደቀች።› ምሳሌው ሁሉ አንዲት ልጅ ስታድግ ነው። እርስዎ ሜላትን አሳድገዋል?»

ሜላት ወደ እዮብ ዞረች።

«ከመምህሩ ደብተር ገልብጠው ያስገቡት ነው፤ እሳቸውም ደርሰውበታል፤ ደብተሩ ደግሞ ማስረጃ ነው። ደብተሩ የት ነው?»

«አላውቅም» አለ እዮብ።

«ይህችን ቃል ዛሬ ገና ተማርካት?» አለችው ያለምወርቅ።

እዮብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እናቴ ቤት ነው» አለ በመጨረሻ። «ላቃጥለው ነበር። ግን ገና ያልያዝኳቸው ቃላት ነበሩበት።»

ኮማንደሩ ከሜላት እጅ ካቴናውን ፈትቶ እዮብ እጅ ላይ አጠለቀው፤ ልጅቷን ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ሜላት ወደ አጎቷ ወንበር ሄደች። ጀርባው ላይ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የሠራችላቸው ነጭ ዳንቴል አለ፤ ራሳቸው ያረፈበት ቦታ እንደተጨማደደ ነው። በመዳፏ አቃናችው።

«ቅዳሜ በእስክሪብቶ እናርመው ነበር» አለች፤ ያኔ እንባዋ መጣ።