የመዥገር ዘር መራጮች

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፤ ማክሰኞ ማለዳ የከብት ሐኪሙ የጫማውን ክር አሰረ። ፈታና እንደገና አሰረ። መሄድ ለከበደው ሰው ክር አይጠብቅለትም።

ከገደሉ ማዶ የአጎቱ ከብቶች በመዥገር እያለቁ ነበር። ከአርባው የቀሩት አሥራ ሰባት ናቸው። ሐኪሙ እሽጉ ያልተፈታ አንድ ጄሪካን መድኃኒት በበቅሎ አስጫነ። እስከዚያች ቀን ድረስ እሽጉን ሳይፈታ የላከው አልነበረም። መንደሩ ብዙ፣ ጄሪካኑ አንድ፤ ለሁሉም ይዳረስ እያለ ዐሥር ዓመት ሙሉ ግማሹን ውሃ ሲያደርገው ኖሯል። መድኃኒቱ ውሃ ሲነካው እንደ ወተት ይነጣል። የነጣ ነገር ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

«ዶክተር፣ ዝቅ ብለው ይራመዱ!» ጮኸ ባለበቅሎው። ያን ሁሉ ዓመት መድኃኒቱን ሲያመላልስ የኖረው እሱ ነው።

ነፋሱ አሸዋውን እያፈሰ ፊታቸው ላይ በተነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የበቅሎዋን ጭራ ይዘው ቁልቁል ተንከባለሉ ማለት ይቀላል። ከታች ወንዙ ሞልቶ ይጋልባል። መሀል ላይ በቅሎዋ ተንሸራተተች፤ ጄሪካኑ ተፈትቶ ተንሳፈፈ። ሐኪሙ ዘሎ ገባ። ዳር የተጋደመው ግንድ ዓይኑን ገለጠ።

«አዞ! አዞ! ይተዉት!»

አልተወውም። ጄሪካኑን አቅፎ፣ በእግሩ ውሃውን እየደበደበ ወጣ። አዞው አንድ ጫማ ብቻ አተረፈ፤ ያንኑ ሁለቴ የታሰረውን።

«ለአንድ ጄሪካን ነፍስዎን?»

ሐኪሙ እያለከለከ አሸዋው ላይ ተዘረረ። «ስማ» አለ፤ «የቀጠነ መድኃኒት ደካማውን መዥገር ይገድላል። ጠንካራው ይተርፋል። የሚወልደው ማነው? የተረፈው። ልጆቹም በእሱ ይወጣሉ። እነሱንም መልሰህ በቀጭኑ ትረጫለህ፤ አሁንም የባሰበት ይተርፋል።»

«እና መዥገር ስንገድል አልኖርንም ነው የሚሉኝ?»

«ዘር ስንመርጥ ነው የኖርነው። ገበሬ እንኳ እንደኛ አጥርቶ አይመርጥም።»

ባለበቅሎውን ሳል ያዘው። ውሃ ግን አልዋጠም ነበር።

አቀበቱ አጋማሽ ላይ ሦስት ሽፍቶች ጠብመንጃ ደግነው ቆሙባቸው።

«ምን ጭናችኋል?»

«የመዥገር መድኃኒት።»

አለቅየው ጄሪካኑን አሽትቶ ሳቀ። «መዥገሮቹ ዋና የሚማሩበት? እለፉ፣ እለፉ!»

በዚያ መንገድ ሳይዘረፍ ያለፈ ሰው የለም። ሐኪሙ ግን አለመዘረፍ እንዲህ እንደሚያም አያውቅም ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባንድ እግር ጫማ እያነከሰ ደረሰ። አጎቱ አንገቱን አቅፎ ሳመው።

«የእህቴ ልጅ፣ የላክህልኝን ሁሉ ልክ እንደ ነገርከኝ ስረጭ ነበር። አንዲት ጠብታ አላጎደልኩም።»

«እኔም ክዳኑን ነክቼ አላውቅም» አለ ባለበቅሎው። የጠየቀው አልነበረም።

«ጋሼ፣ የምነግርዎት አለኝ…»

«ቆየኝ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን እንየው።»

ሐኪሙ እሽጉን ፈታ። በዐሥር ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒቱን በልኩ በጠበጠና ሳህን ሞላ። አጎቱ ከቀይዋ ላም ጆሮ ሥር አንድ መዥገር ነቅሎ ጣለበት። ሦስት ራስ ሳህኑ ላይ ተደፋ። መዥገሩ ሰጠመ።

«ተመስገን!» አለ አጎቱ።

ነጩ ነገር ውስጥ አንድ እግር ተነቃነቀ። ከዚያ ሌላ። መዥገሩ የሳህኑን ጠርዝ ወጣ፤ ትንሽ አረፍ ብሎ ወደ ውጭ ወረደ።

«ጋሼ፣ ውሃ እጨምርበት ነበር» አለ ሐኪሙ።

«አንተም እንደኔ?» አለ አጎቱ።

ባለበቅሎውን እንደገና ሳል ያዘው። መዥገሩ በሦስቱ መሀል አልፎ ወደ ቀይዋ ላም አቀና። እግሩን ያነሳበት ሰው አልነበረም።