የማን ልጅ ነሽ?

«ውሸት አይደለም እኮ!» አለች ናዝራዊት፣ ብስኩቷን ለሁለት ሰብራ ትልቁን ለብሩክታይት እየሰጠች። ናዝራዊት ትልቁን ከሰጠች የሆነ ነገር ፈልጋለች። «ጎሳችን አንድ ነው አይደል? አንድ ነው። የአንድ ጎሳ ልጆች ይጋባሉ? አይጋቡም። ለምን? እህትና ወንድም ስለሆኑ። በቃ፣ እህቴ ነሽ።»

«በዚህ ሒሳብ የሶዶ ግማሹ ቤተሰብሽ ነው» አለች ብሩክታይት።

«የሶዶ ግማሹ እንዳንቺ አይሮጥም።»

ነገሩ የቅዳሜው ሩጫ ነው። የቤተሰብ ሩጫ። ከስታዲየሙ በር ተነስቶ፣ የዳሞትን ተራራ ግርጌ ነክቶ፣ ተመልሶ እዚያው። ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ይሮጣል። ሦስቱም ደረታቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጥፋሉ፤ ሲጨርሱ ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው መስመሩን የሚያልፉት። አንዱ ቀድሞ ቢደርስ ዋጋ የለውም። ቆሞ ሌሎቹን ይጠብቃል። አንደኛ ለሚወጣው ቤተሰብ ሦስት ጥንድ የሩጫ ጫማ አለ። እውነተኛ የሩጫ ጫማ።

ብሩክታይት እግሯን ከዴስኩ ሥር ደበቀች። የቀኝ ጫማዋ ሶል በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ተላቅቆ፣ ደግሞ ተጣብቆ፣ አሁን ስትሮጥ እንደ ውሻ ምላስ ይንጠለጠላል። ትምህርት ቤቱን በሙሉ የምትቀድመው በዚህ ጫማ ነው።

«አንቺ፣ እኔ፣ እዮኤል» አለች ናዝራዊት። እዮኤል ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ኳስ ተጫዋች። «ማን ይደርስብናል? ደግሞ ማን ይጠይቃል? እኔ ትናንት አስመዝግቤሻለሁ። ቲሸርትሽ እኛ ቤት ነው።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«እህት ይጠየቃል እንዴ?»

ብሩክታይት ሳቀች። ስህተቷ እሱ ነው። ከሳቁ በኋላ እምቢ ማለት ከባድ ነው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ትዕዛዝ ሳሎን መሃል ቆማለች። ቱታ ለብሳ፣ በላዩ የዘወትር ጉርድ ቀሚሷን ደርባ፣ ከላይ ደግሞ አዲስ አረንጓዴ ቲሸርት። እዚያው ቆማ ጉልበቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። አባቷ ደገፉ የተማሪ ፈተና ማረሙን ትቶ እስክሪብቶውን እንደ ማይክ ይዟል።

«ክቡራትና ክቡራን! የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ወይዘሮ ትዕዛዝ ሰውነታቸውን በማሟሟቅ ላይ ናቸው!»

«ዝም በል አንተ» አለች እናቷ እየሳቀች። ከዚያ ልጇን አየቻት። «መጣሽ ብሩኬ? ነይ ለኪው። ያንቺ ትንሽ የሚሰፋ መሰለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ሌሎች ሁለት አረንጓዴ ቲሸርቶች ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ብሩክታይት በሩ ላይ ቀረች። አባቷን ጉልበቱን ያመዋል። እናቷ ደግሞ ደረጃ ስትወጣ የጀመረችውን መዝሙር የምታቋርጥ ሰው ናት። እነዚህን ሁለቱን ይዞ ጫማ? ካልሲም አይገኝ።

«እማ... ኮች ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር አስመዝግቦኛል» አለች። ሳታስበው አመለጣት። አንዴ ካመለጠ በኋላ ግን እግር አወጣ። «ለትምህርት ቤቱ ነው። እምቢ ማለት አልቻልኩም።»

«የቤተሰብ ሩጫ አይደል እንዴ?» አለ አባቷ።

«የትምህርት ቤትም አለው።»

እናቷ አንዱን ቲሸርት አነሳች። አጠፈችው። ዘረጋችውና ደግሞ አጠፈችው። «ደግ» አለች። «ለትምህርት ቤት ከሆነ ምን ይደረጋል? ቆመን እናጨበጭብልሻለን።» ወደ ጓዳ ገባች።

ብትጮህባት ይሻል ነበር።

በዚያው ሐሙስ ማታ እራት ላይ ጎደሬ በሚያቃጥለው ዳታ ቀረበ። እናቷ ለመዝሙር ልምምድ ስለወጣች አባትና ልጅ ብቻቸውን ነበሩ። «ከቢሮ በእግሯ እንደምትመጣ አይተሻል?» አለ አባቷ፣ ቀና ሳይል። «ባጃጅ ትታለች። ዳገቱን በእግሯ። 'ብሩኬ በእኔ ምክንያት ወደ ኋላ እንዳትቀር' እያለች።»

ብሩክታይት አይታለች። ስትመጣ ላብ በላብ ሆና አይታታለች። ለምን ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም። ዳታው እንኳን ምላሷን አላቃጠላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ስታዲየሙ በር ላይ ሰዉ እንደ ገበያ ቀን ነው። ከቦዲቲ በሚኒባስ የመጣ አለ፣ ከዱቦ በእግሩ የመጣ አለ። ልጅ አዝሎ የሚሮጥ አለ። ፍሬዘር ማይክ ይዟል። ፍሬዘር የሰርግም የስብሰባም ማይክ የሚይዝ ልጅ ነው፤ ሰው ሳያስቅ ማይኩን አያስቀምጥም።

ብሩክታይት ቢጫ ቲሸርት ለብሳ በናዝራዊትና በእዮኤል መሃል ቆማለች። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ አረንጓዴ ለባሾቹን አየች። ሁለት ብቻ ናቸው። በእሷ ቦታ ሌላ ሰው አላስገቡም። አባቷ እጁን አወዛወዘላት። እናቷ ትንሽ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች።

«ለማጨብጨብ ብቻ ከሆነ ለምን ቲሸርቱን ለበሱት?» ብላ አሰበች። ወዲያው ማሰቡን ተወችው።

«ሳሮ! ሳሮ! እንዴት አደራችሁ!» ፍሬዘር ሰልፉን እየተከተለ መጣ። «እናንተስ ከየት ናችሁ?»

«ከቦዲቲ!»

«ታዲያ ገበያውን ለማን ጥላችሁ መጣችሁ?»

ሰው ሳቀ። ማይኩ ቀረበ።

«ቢጫዎቹ! እነዚህ ደግሞ የማን ልጆች ናቸው?»

«የአቶ ቦልቴ!» ብላ ጮኸች ናዝራዊት።

አባቷ አቶ ቦልቴ አጥሩ ጋ ሹል ጫማቸውን ተጫምተው፣ ሆዳቸውን አስቀድመው ፎቶ ያነሳሉ። ስልካቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉ።

«አንተስ?»

«የቦልቴ» አለ እዮኤል።

«አንቺስ ቆንጆ? የማን ልጅ ነሽ?»

ማይኩ አፏ ላይ ነው። በስፒከሩ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ናዝራዊት በክርኗ ጎሰመቻት። ብሩክታይት ወደ ማዶ አየች።

እናቷ ጎንበስ ብላለች። ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ፈትታ እያሰረች ነው። ቀስ ብላ። ልጇ ሳትታይ የፈለገችውን እንድትል።

በዚያች ሰዓት የሆነ ቦታ ዶሮ ቢጮህ ኖሮ ብሩክታይት እዚያው መሬት ትገባ ነበር።

«የትዕዛዝ» አለች። ድምጿ በስፒከሩ ዞሮ መጣባት። «የትዕዛዝና የደገፉ ልጅ ነኝ።»

«እንዴ! ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጠፍቼ ነው።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ፍሬዘር ራሱ ማይኩን ዝቅ አድርጎ ሳቀ። ናዝራዊት ብቻ አልሳቀችም።

«አንቺ አብደሻል?» ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ጫማውስ?»

«ናዚ፣ አልቻልኩም። ይቅርታ።» ቁጥሩን ነቅላ ሰጠቻት። «አባታችሁ አሉ አይደል?»

«አባዬ? በዚያ ሆድ?»

ብሩክታይት መንገዱን ተሻገረች። ማዶው ሩቅ ሆነባት። እናቷ ቀና አለች፤ እጇን ዘረጋች። «ሃ ያ፣ ነይ» አለቻት። ትዕዛዝ በወላይትኛ የምታወራው ወይ ሲከፋት ወይ ደስ ሲላት ነው፤ የዛሬው የትኛው እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ከቦርሳዋ አረንጓዴውን ቲሸርት አወጣች። ቁጥሩ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ተዘጋጅቷል።

«ቲሸርቱን ለምን ይዘሽ መጣሽ?» አለ አባቷ።

«ብርድ ቢመጣ ብዬ።»

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ብሩክታይት አረንጓዴውን በቢጫው ላይ ደረበችው። ከኋላቸው ፍሬዘር ይጮሃል፦ «ጋሼ ቦልቴ! ቤተሰብዎ አንድ ሰው ጎድሎበታል! ይግቡ እንጂ! ግፏቸው ጎበዝ!» ሰዉ አቶ ቦልቴን ከነስልካቸው ገፍቶ መንገዱ ላይ አወጣቸው።

ፊሽካ ተነፋ።

መጀመሪያ ላይ ከባድ ነበር። እግሯ መሄድ ይፈልጋል፤ ሰው ሁሉ ያልፋቸዋል፤ ልጅ ያዘለው ሰውዬ ሳይቀር አለፋቸው። እናቷ አጠር አጠር እያደረገች፣ ጉርዷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ መዝሙር እያንጎራጎረች ትሮጣለች። አባቷ ጉልበቱን ይዞ ያነክሳል፤ አፉ ግን አያነክስም። «እዩት፣ ያ ሰውዬ ባጃጅ ቢጠራ ይሻለው ነበር» ይላል። «ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ሸፍኑኝ» ይላል። መንገድ ዳር ያሉ ሴቶች እናቷን በስም እየጠሩ እልል አሉ። አንድ ልጅ በጆግ ውሃ ደፋባቸው። እናቷ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ትንፋሽ ነሳትና ቆመች። ሦስቱም ቆሙ። ብሩክታይት በሩጫ መሃል ቆማ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ዳገቱ ግማሽ ላይ የእናቷ መዝሙር ተቋረጠ፤ ከኋላ የሚያውቁት ድምፅ መጣ።

«ብሩኬ! እንደዚያ ነው እንጂ! ከቤተሰብ ጋር!»

ኮች ይስሐቅ ነው። በቀኝ ሚስቱ፣ በግራ ልጁ። አውራ ጣቱን አሳይቷቸው አለፈ።

አባቷ ቆም አለ። «ይሄ ኮች አይደለም እንዴ? ለትምህርት ቤቱ አስመዝግቦኛል አላልሽም?»

ብሩክታይት አንድ ሌላ ነገር ማለት ትችል ነበር። አፏ ላይ መጥቶም ነበር። ዋጠችው።

«አላስመዘገበኝም። ዋሽቼ ነው። እነ ናዚ ጫማውን እናሸንፋለን ሲሉኝ... ከእናንተ ጋር አናሸንፍም ብዬ ነው።»

ዳገቱን ቀጠሉ፤ የጫማዋ ሶል ጠፍ፣ ጠፍ ይላል።

«አውቃለሁ» አለች እናቷ፣ እያለከለከች። «ይስሐቅን... መዝሙር ልምምድ ላይ... ጠይቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ። አሁን አታናግሪኝ፣ ዳገት ላይ ነኝ።»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የማላውቀው?» አለ አባቷ።

«አንተ ሩጥ!» አሉት ሁለቱም፣ አንድ ላይ።

ዳገቱ አለቀ። ከላይ ሶዶ በሙሉ ይታያል፤ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። ከሐሙስ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር የት እንደወረደ አላወቀችም። ብቻ የለም። ቁልቁለቱን እጃቸውን ይዛ ወረደች። ስትወርድ አባቷ ጮኸ፣ እናቷ ጮኸች፣ እሷም ጮኸች።

ስታዲየሙ በር ሲደርሱ ውድድሩ ካለቀ ቆይቷል። ከቤሌ የመጡ ሦስት እህትማማቾች አዲሶቹን ጫማዎች በማሰሪያው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። ብሩክታይት አየቻቸው። ጫማው ያምራል፤ አልካደችም።

መስመሩ ጋ ጥቂት ሲቀራቸው ከኋላ ጩኸት ሰማች። አቶ ቦልቴ ናቸው። ሹል ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ በካልሲ ናቸው። እዮኤል ጀርባቸውን ይገፋል፤ ናዝራዊት ከፊት ትጎትታለች። አቶ ቦልቴ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

ብሩክታይት የእናቷን እጅ ሳብ አደረገች። «እንጠብቃቸው?»

«ጠብቂ፣ ጠብቂ» አለች እናቷ። «እኔ ለመቆም ምክንያት አላጣም።»

ናዝራዊት ደረሰች። ልትቆጣ ፈለገች። ቅንድቧ ተቆጣ፤ አፏ ግን እምቢ አላት። የተዘረጋውን እጅ መንጭቃ ያዘች። ስድስቱም ተያይዘው መስመሩን አለፉ።

«ቆይ፣ ቆይ!» ፍሬዘር በማይኩ ጮኸ። «ይሄ ስንት ቤተሰብ ነው?»

«በጎሳ አንድ ነን!» አለች ናዝራዊት።

ሣሩ ላይ ተዘረሩ። ብሩክታይት ቢጫውን ቲሸርት አውልቃ መለሰችላት።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች ናዝራዊት፣ ቲሸርቱን ፊቷ ላይ ከድና።

«እሺ።»

«አባዬ ግን እንደዚህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።» ቲሸርቱን ከፊቷ ገለጠችው። «ሰኞ ጠዋት እኛ ብቻችንን እንለማመድ? ለሚቀጥለው ዓመት።»

ብሩክታይት ወደ እናቷ ዞረች። ትዕዛዝ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻሻለች፤ ዳገቱ ላይ ያቋረጠችውን መዝሙር ካቆመችበት ቀጥላዋለች።

«ሰኞ ከእማዬ ጋር ነኝ» አለች። «ዳገቱን እንወጣለን። ከፈለግሽ ነይ።»

«በሩጫ?»

«ቀስ እያልን።»

የቀኝ ጫማዋን አወለቀች። የተላቀቀውን ሶል ጎተት አድርጋ አየችው። አንድ ዙር ማስቲሽ ገና ይችላል።