የአቶ ሶርሳ እንግዳ

አቶ ሶርሳን ቢሮው ወለል ላይ ተዘርሮ ያገኘችው ሚስቱ ሣራ ናት። በ2001 ዓ.ም. የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ አልፎ፣ ዒዱም ከዋለ ገና ሳምንት ሳይሞላው ነው። ከሶዶ ገበያ ጠባብ ኪዮስክ ተነሥቶ የሦስት ሱፐርማርኬቶች ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው በአንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ ተሸኘ! ጠረጴዛው ላይ ሁለት ባዶ ብርጭቆዎች ነበሩ፤ መርዙ የተገኘው ግን በአንደኛው ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር አሰፋሽ ድንኳኑ ሳይፈርስ ለቅሶ ቤት መጣች። ዝግ ያለች ሴት ናት፤ ግን ዓይኗ መርፌ ነው። ሣራ «ገዳዩን ሳላውቅ እህል አልቀምስም» ብላ ምርመራው ላይ ልቀመጥ አለች፤ ማን ይከለክላታል?

መጀመሪያ የቀረበው የሟቹ ምክትል ቃለሕይወት ነው። ወላጆቹ ሲሞቱበት ሶርሳና ሣራ ከሃላሌ አምጥተው እንደ ልጃቸው አሳድገውታል።

«ኸይሩ ጁሱን ይዞ ገባ» አለ እንባው እየወረደ። «በበሩ መስታወት አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱም በማንኪያ እየጨለፉ ይበሉ ነበር።»

ኸይሩ የስልጤ ልጅ፣ የጅምላ ነጋዴ፣ የሶርሳ የሃያ ዓመት ወዳጅ ነው።

«ረፋድ ላይ ጠርቶኝ ሄድኩ፤ አውርተን ወጣሁ። ምንም አልቀመስኩም፤ ጾም ላይ ነበርኩ።»

ሣራ ብድግ አለች። «ጾም? በዒድ ቀን ቤትህ አብረን አልበላንም? ውሸታም! ባሌን በላኸው!»

ኸይሩ አንገቱን ደፋ።

አሰፋሽ ሰዎቹን አሰናብታ ወደ ሣራ ዞረች።

«ወይዘሮ ሣራ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ባለቤትዎ ምን ብለው ወጡ?»

«ማታ ኸይሩ ስለሚመጣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሾርባ ይድረስ አለኝ።»

«ሾርባ ለምን?»

«እኔ እንጃ። ደስ ብሎት ይሆናላ።»

አሰፋሽ ከዚያ ወጥታ ቢሮውን እንደገና ፈተሸች። በማግስቱ ሁሉንም ሣራ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«የሶዶ የአቮካዶ ጁስ ወፍራም ነው፤ በማንኪያ ነው የሚበላው» ብላ ጀመረች። «የሁለተኛው ብርጭቆ ጁስ አልቋል፤ ማንኪያው ግን ንጹሕ ነው። ጁሱን መስኮቱ ሥር ካለው የአበባ አፈር ላይ ተደፍቶ አገኘነው። እንግዳ የበላ ለማስመሰል ነው።»

«ኸይሩ ራሱ ደፍቶት ይሆናላ!» አለ ቃለሕይወት።

«አንተ ግን እየጨለፈ ሲበላ አየሁ አልክ።»

ቃለሕይወት ከንፈሩን ላሰ።

«ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን በፈቃዳቸው የሚጾሙ ሙስሊሞች አሉ» ቀጠለች አሰፋሽ፤ «ኸይሩ አንዱ ነው። ሶርሳ ያውቅ ነበር፤ ሾርባውንም ለማፍጠሪያ ነው ያዘዘው። አንተ ግን ጾም በዒድ አበቃ ብለህ ውሸትህን በዚያ ላይ ሠራህ። ለአራተኛው ቅርንጫፍ የታሰበውን ሻንቶ ከተማ ያለውን ቤት በስውር በራስህ ስም ተከራይተኸዋል፤ አከራዩ ነግሮናል። ሶርሳ ደረሰብህ፤ ኸይሩ ሲወጣ ጠብቀህ መርዙን በጁስ ይዘህለት ገባህ።»

«ልጄ፣ ልጄ እያለ ዕድሜዬን ሙሉ በጥላው ሥር አኖረኝ!» ቃለሕይወት ጮኸ። «በመጨረሻም አዋርዶ ሊያባርረኝ ነበር!»

ያን ጊዜ ኸይሩ ቀና አለ።

«ሊያባርርህ አልነበረም። ‹ምን ላድርገው?› ብሎ ሊያማክረኝ ነው የጠራኝ። ይቅር በለው አልኩት፤ እሺ አለ። ማታ እዚሁ ቁጭ ብለን ልንነግርህ ነበር።»

«እማዬ...» አለ ቃለሕይወት ወደ ሣራ ዞሮ።

«እማዬ አትበለኝ!» ሣራ ደረቷን ደቃች። «ወይኔ! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሣራ ወደ ኸይሩ ተጠጋች፤ የቀራት ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ኸይሩ፣ ወንድሜ... ይቅር በለኝ።»

«ፖሊስ ቢጠረጥረኝ ሥራው ነው» አላት፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ሃያ ዓመት ከገበታሽ በልቻለሁ፤ አንቺ አታውቂኝም?»

እጇን ዘረጋችለት።

«ለሶርሳ ለቅሶ ነገም እመጣለሁ» አለ፤ «ለሶርሳ ብዬ።»

እጇን ሳይጨብጥ ወጣ።