የኤልደን ሻንሲ

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በኦሪን ታኬት ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። በ1932 የተሠራው ፎርድ መኪና ጎማዎቹ ወልቀው በአራት የብረት ስታንዶች ላይ ቆሟል። ቦዲው ከሥሩ ካለው የብረት አጽም፣ ከሻንሲው ጋር እንደታሰረ ነው። አጠገቡ በሁለት አግዳሚዎች ላይ ቀለም ያልነካው አዲስ ሻንሲ ተጋድሟል። ከግድግዳው ላይ የኦሪን ታላቅ ወንድም ኤልደን በፎቶግራፍ ይመለከታል፤ ኮሪያ ዘምቶ ሳይመለስ የቀረው ኤልደን፣ ያንኑ መኪና በደረቀ ሐይቅ ሜዳ ላይ ሲነዳ። ቅዳሜ ወዳጆች ተሰብስበው ቦዲውን ሊያነሡና ከሥሩ ተደብቆ የኖረውን የሻንሲ ቁጥር ሊያነቡ ቀጠሮ አላቸው። ቁጥሩ የኤልደን ከሆነ አሮጌው ሻንሲ ተጠግኖ ይቀራል፤ ካልሆነ አዲሱ ይገባል። ስምምነታቸው ይኸው ነበር።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ኦሪን ከመኪናው ሥር ደረቱ ተጨፍልቆ ተገኘ።

መርማሪ ሬይና ኦርዶኔዝ ሰኞ ወደ ኦይልዴል ከተማ የተላከችው መዝገቡን እንድትዘጋ ነበር። ለአለቆቿ ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል። ስታንዶቹን ያቆመው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ሃርላን ሃካቢ ነው፤ ስለዚህ ሰው በቸልተኝነት በመግደል ሊከሰስ ነው። ሟቹን «የወንድምህን ሻንሲ እንዳትጥል» እያለ የወተወተውም እሱ ነበር። የኦሪን ሚስት ቬርና ቀብሩ ላይ እንዳይገኝ ከልክላዋለች።

ሬይና ሃርላንን ከጋራዡ ውጭ፣ ጭነት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ከዓርብ ወዲህ እህል የቀመሰ አይመስልም።

«ስታንዶቹን ምኑ ላይ ነው ያቆሟቸው?» አለችው።

«አክስሉ ላይ ነዋ፤ ጎማዎቹ የሚታሰሩበት ብረት ላይ። የዛገ ሻንሲ በስታንድ የሚደግፍ ሰው ጋራዥ ባይገባ ይሻለዋል።»

«መኪናውን ያነሡበትን ክሪክስ?»

«ጠራርጌ ወደ ቦታው መለስኩት። ኦሪን የቆሸሸ ክሪክ ካየ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘኝ ነው የሚውለው።» መሪውን ጨበጠ። «ግን እኔ እንጃ። ዕድሜ ነው። ምናልባት አንዱን አጣምሜ አቁሜው ይሆናል። ገድዬው ከሆነ ንገሪኝ፤ አትደብቂኝ።»

ሬይና ማስታወሻዋን ዘግታ ወደ ጋራዡ አመራች። የማታውቀውን ነገር ተናግራ ሰው ማጽናናት ልማዷ አልነበረም።

ጋራዡ ውስጥ የእሳት አደጋ ሰዎች በራሳቸው መሣሪያ አንሥተው በእንጨት ላይ ያሳረፉት መኪና ቆሟል። በግራው የሻንሲ ብረት ላይ የቡጢ ያህል ቀዳዳ አለ። ስታንዱ የዛገውን ብረት በስቶ እንደገባና መኪናው እንደወደቀ ያስረዳት የቬርና ወንድም ዊልመር ነው። እርጋታ ያለው ሰው ነው፤ በአካባቢው የመኪና ትርኢት ዋንጫ እየደጋገመ የወሰደ የራሱ የ1932 ፎርድ አለው። ቀዳዳውንም ፈልጎ ያሳያት እሱ ነው።

«ሃርላንን አትፍረዱበት፤ ስታንዱ አይደለም ጥፋተኛው፣ ብረቱ ነው» አላት። «ለነገ ጎታች መኪና ጠርቻለሁ። ይህ ርጉም ነገር ይጨፍለቅ። እህቴ በየቀኑ እያየችው ልትኖር ነው?»

«ቦዲውስ?»

«ሁሉም እንዳለ ይሂድ።»

ሬይና ጎታቹ እንዲመጣ፣ ነገር ግን ምንም ሳይነካ እንዲጠብቅ አዘዘች። ከዚያ ተንበርክካ ስታንዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከክሪኩ ጫፍ በጣቷ ጥቁር ግራሶ ወሰደች። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ተኝታ፣ ከቀዳዳው በታች የተረፈረፈውን የዝገት ፍርፋሪ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

አዲሱን ሻንሲ የሠራው ላይል ብራንድት ከብየዳው ቀና ሳይል ነበር ያናገራት። ሁሉም ሰው እሱን እየጠረጠረ መሆኑን እንደሚያውቅ ነገራት።

«አሮጌው ሻንሲ ሰው ገደለ ከተባለ ገበያው ለእኔ ነው አይደል? እርግጥ ኦሪንን አበሽቀው ነበር። ብረቶቹን የሚያያይዙት ሪቬቶች ደስ አላሉኝም፤ ‘ይሄ የወንድምህ አይደለም፣ የሆነ ሰው አታልሎሃል’ አልኩት። ግን ቁጥሩ ትክክል ከሆነ አሮጌውን በነጻ ልበይድለት ተወራርደናል። ብሸነፍም ደስ ይለኝ ነበር፤ ኤልደንን ያላደነቀ ልጅ በዚህ ሰፈር አልነበረም።»

ቬርና ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ ተቀበለቻት። ብዙ አልተናገረችም። አስከሬኑ እንደተነሣ ወለሉን ራሷ እንዳጠበች፣ ማንም እንዲያግዛት እንዳልፈቀደች ነገረቻት። ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ እየገቡ እየወጡ ሲያጽናኗት ነበር፤ ጋራዡም አልተቆለፈም።

«በደንብ ነው ያጠቡት?» አለች ሬይና።

ቬርና ቀና ብላ አየቻት። «የባሌ ደም ነው። እንዴት የማጥበው ይመስልሻል?»

ማክሰኞ ጠዋት ቬርና፣ ዊልመር፣ ላይልና ሃርላን በጋራዡ ተሰበሰቡ። ጎታች መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ሾፌሩና አንድ ፖሊስ በር ላይ ናቸው። ሃርላን ከቬርና ዓይን ርቆ ጥግ ይዟል።

«በወለሉ እንጀምር» አለች ሬይና። «ስታንዱ ሻንሲውን በስቶ ከሆነ፣ የዝገቱ ፍርፋሪ ኦሪን ላይ መውደቅ ነበረበት። ሸሚዙን አይቻለሁ፤ አንድም ፍርፋሪ የለበትም። ያለው ወለሉ ላይ ነው፤ ወይዘሮ ቬርና በእጃቸው ባጠቡት ወለል ላይ። እንግዲያው ቀዳዳው የተበሳው ኦሪን ከሞተ፣ ወለሉም ከታጠበ በኋላ ነው።»

ላይል በአፉ አፏጨ።

«ሁለተኛ፣ አራቱም ስታንዶች አናታቸው ላይ ያለው የአክስል ግራሶ ነው፤ ዝገት አልነካቸውም። አቶ ሃርላን ስታንዶቹን የተከሉት አክስሉ ላይ ነው፤ በትክክልም ተክለዋል። ሦስተኛ፣ ክሪኩን ጠርገው ነበር የመለሱት፤ አሁን ግን አናቱ ላይ ያው ግራሶ አለ። የእሳት አደጋ ሰዎች አልነኩትም። ከአቶ ሃርላን በኋላ አንድ ሰው አክስሉን በክሪክ አንሥቶ፣ ስታንዱን አውጥቶ፣ ክሪኩን ለቆታል።»

ሃርላን ግድግዳውን ተደገፈ። ቬርና ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው።

«ማን ነው ታዲያ?» አለ ላይል። «ሁላችንም ክሪክ እናውቃለን።»

«እኔም እዚያ ላይ ነበር የቆምኩት። ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። እናንተ ሻንሲ ትለውጣላችሁ፣ ትቆርጣላችሁ፣ ትጥላላችሁ። እንዲህ ያለ የጥንት ቦዲ የሚጥል ግን አለ?»

«እብድ ካልሆነ» አለ ላይል።

«በቅሎ ረግጣ ሰው ብትገድል በቅሎዋ ትወገድ ይሆናል፤ ኮርቻውን አብሮ የሚቀብር ግን የለም። አቶ ዊልመር፣ እርስዎ ዋንጫ የወሰዱ ባለሙያ ነዎት። ቦዲው ሳይፈታ እንዳለ ይጨፍለቅ ያሉት ብቻዎን ነዎት። ሃርላን ቁጥሩ እንዲነበብ ሲለምን ነበር፤ ላይል ተወራርዶበታል። ይህ ቦዲ እንዳይነሣ የፈለገ ሌላ ሰው የለም።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚናገረውን ያውቃል?» አለ ዊልመር። ድምፁ አልተለወጠም።

«እንግዲያው እናንሣው።»

ቡሎኖቹ ተፈቱ። ላይል፣ ሃርላን፣ ፖሊሱና ሾፌሩ በአራቱ ማዕዘን ይዘው ቦዲውን አነሡት፤ አዲሱ ሻንሲ ላይ አሳረፉት። ሃርላን የግራውን ብረት በጨርቅ ወለወለና መጨረሻዎቹን አኃዞች ጮክ ብሎ አነበበ፤ አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት።

«አይደለም» አለች ቬርና። «የኤልደን መጨረሻው ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት ነው። ኦሪን በእንቅልፍ ልቡ ሁሉ ይጠራው ነበር።» ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ዝገቱን ላራግፍለት ብለህ መኪናውን ወደ ግቢህ የወሰድከው አንተ ነህ። ያኔ አዲስ ሙሽሮች ነበርን። ዊልመር፣ ያንተ መኪና ሥር ያለው ቁጥር ስንት ነው?»

ዊልመር የማሸጊያ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«የኔ ሻንሲ ተሰንጥቆ ነበር» አለ። «ሁለቱም ብረት ናቸው ብዬ ለወጥኳቸው። ማን ያያል ብዬ ነው። ከዚያ ዋንጫው መጣ፣ ሰዉ ስሜን አወቀ። ዓርብ ኦሪን ከመኪናው ሥር ሆኖ ‘አንተ ነህ የለወጥከው?’ አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ‘ነገ ሰዎች ፊት እናየዋለን’ አለና፣ ስታንዱ ቡሎኑን ስለከለለበት አንሣልኝ አለኝ። አምኖኝ እዚያው ተኝቶ ቀረ።»

ቬርና አላለቀሰችም። ፖሊሱ ወንድሟን ይዞ ሲወጣ መንገድ ለቀቀችለት፤ በዚያው ቀን ባሏንም ወንድሟንም ያጣች ያህል ሆና ቆመች። ከዚያ ሃርላን ወዳለበት ጥግ ሄደች።

«ቀብሩ ሐሙስ ነው» አለችው። «ሣጥኑን ከፊት ሆነህ ተሸከምልኝ።»

ፍርድ ቤት የዊልመርን መኪና አስፈትቶ ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት የሚል ቁጥር ያለበትን ሻንሲ ለቬርና አስረከባት። ላይል አዲሱን ሻንሲ ወደ ራሱ ጋራዥ መለሰ። ሃርላን የኤልደንን ሻንሲ ወለል ላይ አጋድሞ፣ ጠማማ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከግራው ፊት እስከ ቀኙ ኋላ፣ ቀጥሎም ከቀኙ ፊት እስከ ግራው ኋላ በሜትር ለካው። በሁለቱ ልኬቶች መካከል የነበረው ልዩነት የአንዲት ዝርዝር ሳንቲም ውፍረት አይሞላም፤ ሻንሲው አልተጣመመም ነበር።