በእግሬ ያላየሁት መስመር

ያላመነ አይመን... እኔ ግን ደርሶብኛል። በታሪኩ ውስጥ ውሸት ካለ የኔው ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደኝ።

ሐምሌ 2006 ዓ.ም.፣ ሮቤ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት። ጭጋጉ ከተማውን ስለዋጠው በቀትር መብራት አብርቼ ነበር የምሠራው።

ሥራዬ የሮቤንና የጎባን የኤሌክትሪክ መስመሮች በኮምፒውተር ካርታ ላይ መሳል ነው። ካርታው የቱ ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገናኝ ያሳያል። ኃይል ያለበት ቀይ፣ የሌለበት ጥቁር።

ደንቡ አንድ ነው... ከምሰሶ ምሰሶ በእግርህ ሄደህ ሳታይ መስመር አትስልም፤ ከካርታም አታጠፋም።

ያን ቀን ጠዋት ካርታው ላይ ያልሳልኳት መስመር አየሁ።

አጭር ናት። ከጎባ መንገድ ማዶ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከሌላ መስመር ተነስታ ከኛው ጋር ትገናኛለች።

ማን ሳላት? ከኔ በቀር ካርታውን የሚነካ የለም።

ሄዶ ማየት ነበር። ግን ብርዱ... ጭቃው... አዲሱ ጫማዬ...

«የኮምፒውተር ስህተት ነው» ብዬ ከካርታው አጠፋኋት።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ዲኖ ናቸው፤ ምሰሶ ላይ የሚወጡት ሠራተኛችን፣ የአባቴ እኩያ። ጎባ መንገድ ላይ የተበጠሰ ሽቦ ሊቀጥሉ ነው።

«ፍቅሬ፣ በጎባ በኩል አጥፍተናል። በሌላ በኩል የሚመጣ ኃይል አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

ከዚያ ቀስ ብለው...

«በእግርህ አይተኸዋል?»

«አዎ... አይቻለሁ።»

«በል ቢስሚላሂ፣ ልወጣ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ስክሪኑን አየሁ።

ያጠፋኋት መስመር ተመልሳለች።

ቀይ ሆና።

ስልኩን አነሳሁ። ግን ምን ልበል? «ዋሽቻለሁ» ልበል? ሰው ሊሞት ነው... እኔ ግን አፈርኩ። ቁጥሩን ሳልጫን ቁጭ አልኩ።

ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ዲኖ! በሕይወት አሉ። ተከትለዋቸው የገቡት ሠራተኞች ሁሉ እያዩ አቀፉኝ።

«ገለቶሚ፣ ተባረክ ልጄ! ሮጠህ ባትደርስልኝ ኖሮ...»

«እኔ?»

«እጄን ልዘረጋ ስል ‹አይንኩት!› ብለህ ጮህክ። ቁልቁል ሳይ ጭጋጉ ውስጥ ቆመሃል፤ ይሄንኑ ሹራብ ለብሰህ። ብለካው፣ ወላሂ፣ ኃይል አለው!»

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እኔም... «ምንም አይደል» አልኩ። ያልሠራሁበትን ምስጋና ተቀበልኩ። ፊቴ ግን እሳት ሆነ።

ጋሽ ዲኖ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለምን ነበር የምታለቅሰው?» አሉ በሹክሹክታ። «በመኪና እንሂድ ብልህም እምቢ አልክ። ‹በእግሬ ነው የምመጣው› አልከኝ... እንዴት ቀደምከኝ?»

ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዞርኩ።

ሁሉም ምሳ ወጡ። ብቻዬን ቀረሁ።

ስክሪኑ ላይ ቀዩ መስመር ይረዝማል... ማንም ሳይነካው። ከጎባ መንገድ ወደ ሮቤ፣ ከምሰሶ ምሰሶ፣ በሰው እርምጃ ልክ። ገበያውን አለፈ... ወደኛ ታጠፈ... ግቢያችን ገባ።

እዚያ ቆመ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ደረቅ ነው። የጭቃ ጠብታ የለበትም።

ከበሩ ውጪ፣ ደረጃው ላይ፣ አንድ ሰው የጫማውን ጭቃ ያራግፋል... ያራግፋል...

እያለቀሰ። በኔ ድምፅ።

ከዚያ በሩን አንኳኳ።

«ግባ» ለማለት አፈርኩ።