ሬዑት ዝም ያለች ዕለት

ኢታይ ሬዑትን መጀመሪያ ያያት ሊያድናት ሮጦ ነው። እሷ ግን ምንም አልሆነችም ነበር።

ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ማልገዛ፣ ያንን ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ሲነዳ ውሎ ቂርያት ማላኪ ሰፈሩ ደረሰ። ከሕንጻው ምድር ቤት የሴት ጩኸት ሰማ። ከሚክላቱ ነው፤ ሳይረን ሲነፋ ጎረቤት ሁሉ ከሚሸሸግበት። ያን ዕለት ግን ሳይረን የሚባል የለም። ደረጃውን እየዘለለ ወረደና የብረቱን በር በትከሻው ገጨው። በሩ ለካ ገርበብ ብሎ ኖሯል፤ ከነትከሻው ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

አንዲት ጠይም ልጅ ቁልቁል አየችው።

«ማነው የመታሽ?» አላት ሳይነሳ።

«እኔን? የወደቅኸው እኮ አንተ ነህ።»

«ስትጮሂ ሰምቼ...»

«እየዘፈንኩ ነው፤ ኦፔራ ነው። ቤት ስዘፍን እማዬ ‹ጎረቤት አስፈጀሽብኝ› ትለኛለች።»

የወይዘሮ ፈንቴ ልጅ መሆኗ ያኔ ገባው። ሰፈሩ «አሜሪካዊቷ» ይላታል። ውትድርናዋን ጨርሳ ለትምህርት እንደሄደች እዚያው ቀርታ፣ በአሜሪካ ኦፔራ ቤቶች መጀመሪያ ከአጃቢዎቹ ጋር ከኋላ ቆማ፣ ኋላም ትንንሽ ሚና እየተሰጣት ስትዘፍን የኖረች ናት። ለዕረፍት ነበር የመጣችው።

ከዚያ ወዲያ ኢታይ ከሥራ ሲመለስ ሚክላቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ማለት ለመደ።

«ዛሬም ልታድነኝ ነው?»

«ቤሰደር፣ ይሁን፣ አንቺ ዝፈኚ። እኔ እጠብቃለሁ።»

ወደ አሜሪካ ስትመለስ ስልኩ ከጆሮው ጋር ተሰፋ። አንድ ቀን ደፈረና «ስትመጪ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። ሳቀች።

«ላካቸው፤ እናያለን...»

ይህቺ «እናያለን» እንቅልፍ ነሳችው። በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ኦፔራ ቤት ዋናውን ሚና ሊሰጣት እያነጋገራት ነበርና። ያን የመሰለ መድረክ የሚጠብቃት ልጅ የማልገዛ ሹፌር ታገባለች?

ያቭነ ከተማ አዳራሽ ልትዘፍን ስትመጣ ኢታይ ከሁሉ ቀድሞ በሩን አንኳኳ። ወይዘሮ ፈንቴ በሩን በጠባቡ ከፈት አድርገው «መንገዱ አድክሟታል ልጄ፣ ነገ» አሉት። ነገም ደከማት። የሽማግሌዎቹ ቀን ግን ተቆርጧል። አጎቱ መንገሻ ሁለት አዛውንት አስከትለው ከገደራ መጥተው ሬዑት ቤት ገቡ፤ ኢታይ ደጅ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ምን አለች፣ ዶድ?» አጎቱን እንደ አገሬው ልጆች «ዶድ» ነው የሚላቸው።

«ምን ትላለች፣ የጨዋ ልጅ! አባቷ ‹ምን ትያለሽ?› ቢላት አቀርቅራ ዝም አለች።»

«ዝም?»

«ዝም ነዋ። በአገራችን ልጅቱ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። እናትህም ዝም ብላ ነው ያገባችው። አንተ ራስህ የዝምታ ልጅ ነህ።»

«ዶድ፣ ይቺ ዘፋኝ ናት። እንጀራዋ አፍ መክፈት ነው። ብትፈልገኝ ኖሮ ዝም ትላለች?»

መንገሻ ጢማቸውን ዳበሱ። አሁን እሳቸውም ተጠራጠሩ። በዚህ መሐል የኢታይ ስልክ የሬዑትን መልእክት አመጣ፦ «ሐሙስ ያቭነ፣ ኮንሰርቱ ሳይጀመር ና። እስከዚያ እባክህ አትደውልልኝ።»

«በቃ፣ ልትሰናበተኝ ነው» አለ።

ሐሙስ መንገሻ «በዚህ ፊትህ ብቻህን አትነዳም» ብለው አብረውት ሄዱ። ሬዑት ከአዳራሹ ጀርባ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ቆማለች። ኢታይ መንገድ ሙሉ ያጠናውን ቶሎ ቶሎ አወረደው።

«ሬዑት፣ በእኔ አትጨነቂ። አሜሪካሽ ሂጂ። እኔ ሚክላት ውስጥ ወድቄ ያየሁሽ ይበቃኛል። ብቻ ዝም ከምትዪኝ...»

መዳፏን አፉ ላይ አደረገች።

«እሺ» አለችው። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ እንደቆየ በር ሲጢጥ የምትል ድምፅ ነበረች።

«እሺ ምን? ልሂድ?»

«እሺ፣ አገባሃለሁ። ለሽማግሌዎቹ የምመልሰው ይህን ነበር።»

ኢታይ ያገኘው ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሜሪካ መጨረሻ ስዘፍን ጉሮሮዬ አበጠ። ሐኪሙ ‹አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፤ ብትናገሪ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል› አለኝ። ወሬው ከወጣ ደግሞ ሚናው ለሌላ ነው። ለእማዬ ብቻ ጽፌ አስማልኳት።»

«ለእኔ መጻፍ አቃተሽ?»

«ድምፄን አጥቼ እሺ ብልህ፣ ዕድሜህን ሙሉ ‹መድረኩ ስላመለጣት ነው ያገባችኝ› ትል ነበር። አትልም?»

አሁን ያቀረቀረው ኢታይ ነው።

«ዛሬ ጠዋት እዚህ ያየኝ ሐኪም ‹አ በይ› አለኝ። አልኩ። ‹ድኗል፣ ለዛሬ ግን አንዲት ዘፈን ብቻ› ብሎ ለቀቀኝ። ከዚያ እስካሁን ማንንም አላናገርኩም። የመጀመሪያዋን ቃል ላንተ አቆየኋት።»

«ሚናውስ?»

«እሄዳለኋ! ትጠብቀኛለህ ወይስ ትከተለኛለህ?»

«ማልገዛ አሜሪካም አለ» አለ ኢታይ፤ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት።

አዳራሹ ውስጥ መንገሻ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፉ። «ዝምታ እሺ ነው ብዬህ ነበር። እናንተ ልጆች ሽማግሌ አትሰሙም።»

መብራቱ ደብዘዝ አለ። ሬዑት ወጣች፤ ዝቅ ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ጣሪያውን አልፎ የሚሄድ መሰለ። ኦፔራ ሰምተው የማያውቁት መንገሻ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው የኢታይን ክንድ ያዙ።

«ልጄ፣ ምን አገኛት? ማን ነካት?»

«ደህና ናት፣ ዶድ» አለ ኢታይ፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «ቁጭ ይበሉ። ደህና ናት።»