«ሰባት ነው»

ጨዋታው ደረቀ። ሽቦ የምትባለው ልጅ ማውዙን ብትጎትት፣ ኪቦርዱን ብትደበድብ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሯጭ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። የቡድኑ ልጆች በማዳመጫው ውስጥ ከኋላዋ ጠላት እንዳለ ይነግሯታል፤ እሷ ግን አንገቷን እንኳ ማዞር አልቻለችም። ምስሉ ነፍስ ሲዘራ እሷ ሞታ፣ ቡድኑም ተሸንፎ ነበር።

«እንደገና ሀንግ አደረገ?» አለ ካፒቴን። የቡድኑ መሪ እሱ ነው፤ የክፍሏ ልጅና የልጅነት ጓደኛዋም ነው።

«አደረገ።»

«ኢንተርኔትሽ ይሆናላ» ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ ሙቀት ነው ብሏት ነበር። ፋኑን በጥርስ ብሩሽ ጠረገችው። ቀጥሎ ራም የሚባለው የማስታወሻ ቺፕ ነው አለ። ራሙን ነቅላ፣ አጽድታ፣ መልሳ ሰካችው። አሁን ደግሞ ኢንተርኔት። ሽቦ የሚሏት ቀጭን ስለሆነች ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን የተበጠሰ ቻርጀር ሁሉ እሷ ስለምትቀጥል ነው፤ እንዲህ ዓይነቷ ልጅ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሰበብ ሲነገራት አራተኛውን ራሷ ትፈልጋለች።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ወር ነበር። ኮምፒውተሯ አዲሱን ጨዋታ አልሸከም ሲላት፣ ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ደህና እንደሆነና ወደ ኋላ የሚጎትታት የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ፕሮሰሰሩ፣ እንደሆነ ደረሰችበት። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው። ያኔ ካፒቴን እሱ ጋ አንድ ትርፍ እንዳለ ነገራት። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርዷ ላይ ይገጥም እንደሆነ ጠየቀችው፤ ይገጥማል አላት። ስንት ቁጥር እንደሆነም ጠየቀችው።

«ሰባት ነው።»

ልቧ ዘለለ። እነሱ ሲያወሩ ሦስት ማለት ደካማው፣ አምስት ማለት ደህናው፣ ሰባት ማለት ደግሞ የሀብታም ልጅ ፕሮሰሰር ነው። በምትኩ ብስክሌቷን ፈለገ፤ ሰጠችው። ቤት ድረስ መጥቶም ራሱ ገጠመላት። የፕሮሰሰሩ ጽሑፍ በግራጫ ቅባት ተለቅልቆ ነበር። የጓደኛን ዕቃ ጠርጎ ማንበብ ደግሞ ማን ያስባል?

አሁን ጨዋታውን ዘግታ የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። የፕሮሰሰሩ ስም ፊት ለፊቷ ተጻፈ። መጀመሪያ ሦስት። ከሦስቱ ቀጥሎ አንድ ረጅም ቁጥር አለ፤ የዚያ ቁጥር መነሻ ሰባት ነው። ደጋግማ አነበበችው። መነሻው የሚነግረው የስንተኛ ትውልድ ዕቃ እንደሆነ ነው። ሰባተኛ ትውልድ ሦስት! አውጥታ መሳቢያ ውስጥ የጣለችው የድሮው ስድስተኛ ትውልድ ሦስት ነበር። ብስክሌቷን ሰጥታ የገዛችው፣ የነበራትን ዕቃ ታናሽ ወንድም ነው።

በማግስቱ ካፒቴንን ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀችው። የሷን ብስክሌት ከአጥሩ ብረት ጋር እያሰረ ነበር።

«ሦስት ነው የሰጠኸኝ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት እንጂ አልደነገጠም። «ሰባት ነው አልኩሽ። ሰባት ነው። ሰባተኛ ትውልድ። የቱ ጋ ነው የዋሸሁት?»

«ሰባት ስንባባል ምን ማለታችን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አንቺ አልጠየቅሽማ።»

ዋሽቶ ቢሆን ውሸታም ትለውና ይወጣላት ነበር። እሱ ግን እውነቱን ከሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ነው የሸጠላት፤ ይህ ደግሞ ከውሸት ይብስ ነበር፣ ምክንያቱም አሁን ጥፋተኛዋ ራሷ ሆና አረፈችው።

ካፒቴን ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱም ዕቃውን ከአንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሲገዛ በዚሁ ቃል እንደተበላ ነገራት። ሰውዬው «ሰባት ነው» ብሎት፣ እሱም አምኖ፣ ቤቱ ሲደርስ ሦስት ሆኖ እንዳገኘውና ለማንም ሳይናገር እንደደበቀው።

«እንግዲያ ምን እንደሚሰማ ታውቅ ነበር» አለችው።

እሱ የብስክሌቱን ደወል በአውራ ጣቱ አሻሸ። ከዚያ መላ አለኝ አለ። በቅርብ ወደ ክፍላቸው የተዛወረው መነፅር የሚሉት ልጅ ኮምፒውተሩን ማሻሻል ይፈልጋል፤ ሰባት ያለው ሰው እያፈላለገ ነው። አሁን ያለው አምስት ነው። ማዘርቦርዱ ደግሞ እንደሷው ዓይነት ነው።

«ቀይሪው። የሱን አምስት ውሰጂ፣ ይሄን ስጪው። ሰባት ነው ብቻ በይው፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። ቅዳሜ ውድድር አለን፣ ሽቦ። ቅዳሜም ሀንግ ካደረገብሽ በቦታሽ ሰው እንዳስገባ ልጆቹ እየጨቀጨቁኝ ነው።»

«እየጨቀጨቁህ ነው ወይስ ወስነሃል?»

«ያው ነው» አለና ወደ ክፍል ገባ።

ከሰዓት በኋላ የእናቷን ሥራ ለደንበኛ ማድረስ ነበረባት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተሰፋውን በብስክሌት ማድረስ የሽቦ ድርሻ ነበር። አሁን ሁለት የመጋረጃ ጥቅል ተሸክማ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው። ወገቡ ላይ ስትደርስ አንድ ደወል ከኋላዋ ጮኸ። ካፒቴን በብስክሌቷ እየከነፈ አለፋት፤ እጁንም አነሳላት። ሰላም ማለቱ ነው! መጋረጃው በእጇ ባይኖር ኖሮ ድንጋይ ታነሳ ነበር።

ቤት ስትመለስ እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል ብስክሌቱ የት እንደገባ ጠየቀቻት። እስከዛሬ አውሼው ነው እያለች ነበር የምታልፈው። ዛሬ ግን ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሰባቱን፣ ሦስቱን፣ ትውልዱን። እናቷ ስለ ትውልዱ አንድም ነገር አልገባትም።

«የኔ ልጅ፣ አታለለሽ ወይስ ሳትጠይቂ ቀረሽ?»

«እማዬ፣ አንቺም?»

«ልወቅስሽ አይደለም። ለልጁ ስትነግሪው ከሁለቱ የትኛውን እንደምትነግሪው እንድታውቂ ብዬ ነው።» መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሽቦ ፕሮሰሰሩን ነቅላ፣ በወፍራም ወረቀት ጠቅልላ መነፅር የሚሉት ልጅ ቤት ሄደች። እንዴት እንደምትለው መንገዱን ሙሉ ስታጠና ነበር፤ የምትለው አንድ ቃል ቢሆንም ማጥናት አስፈልጓት ነበር። መነፅር የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ብሎኖቹን በሻይ ሰሐን ላይ ደርድሮ ጠበቃት።

«እኔ ስነካካ አንድ ነገር እሰብራለሁ» አለ። «አንቺ ንቀይው። የኔን ውሰጂው፣ ለኔ ምንም አያደርግልኝም። ካፒቴን ያንቺው ሰባት ነው ብሎኛል። ሰባት ነው አይደል?»

ጎንበስ ብላ አየች። የልጁ ማዘርቦርድ ንጹህ ነው፤ ፋኑ ላይ አቧራ የለም። የልጁ ፕሮሰሰር እንደ አራት ሠራተኛ የሚቆጠር አራት ኮር አለው፤ ኪሷ ውስጥ ያለው ሁለት ነው። በአንድ ቃል ቅዳሜ እንደ ሰው ትጫወታለች፤ ቃሉም ውሸት አይደለም። ልጁም ቤቱ ቁጭ ብሎ ፋን ይጠርጋል፣ ራም ይነቅላል፣ ኢንተርኔቱን ይረግማል። ከዚያ ሌላ ልጅ ይፈልጋል።

ይሄ ሁሉ እንዲህ ቀላል መሆኑ አናደዳት። ካፒቴን ሲያደርገው ከባድ መስሏት ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት እንቅልፍ የነሳው መስሏት ነበር።

«ሦስት ነው» አለች። «ትውልዱ ነው ሰባተኛ። ያንተ ከዚህ ይሻላል፣ በእጥፍ ይሻላል።»

መነፅር መነፅሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «ካፒቴን ግን ሰባት…»

«ትውልዱን ነው የነገረህ። ለኔም እንደዛው ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ የኔ ለምንድን ነው የሚንቀራፈፈው?»

ራሙን አሳየችው። ሁለት ማስገቢያ አለ፣ የተሰካው አንድ ነው። ከሱ ጋር የሚመሳሰል አንድ ቢጨምር ለጊዜው እንደሚበቃው፣ ሻጩ ቁጥር ሲጠራ ደግሞ የምኑ ቁጥር እንደሆነ እንዲጠይቅ ነገረችው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችለት። ነገ ውድድሩ ላይ ትጫወቺያለሽ ወይ ሲላት እንደማትጫወት ነገረችው፤ ስትናገረው እንዳሰበችው አልከበዳትም።

ውጭ ስትወጣ ገና ብርሃን ነበር። በወረቀት የተጠቀለለውን ፕሮሰሰር በእጇ ያዘች። ወደ ቤቷ የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን አልቀነሰችም። አልፋው፣ ፕሮሰሰሩን መልሳ ብስክሌቷን ልትጠይቅ ወደ ካፒቴን ቤት ቀጠለች።